ስህተቱን የተናገረው ማን ነው?

በዚህ እትም አራት ጥያቄዎች ይዣለሁ። የጻፋችሁልኝ ሰዎች አትተዋወቁም፤ ችግራችሁ ግን ከአንድ ምንጭ የተቀዳ ነው። ቢልድ፣ ማለትም ኮዱን ወደ ፕሮግራም የመቀየሩ ሥራ፣ በብዙ ኮር (የማሽኑ ማስሊያ ክፍል) ጎን ለጎን ሲሄድ ተርሚናሉ (የትዕዛዝ መስኮቱ) ላይ የሚወጣው ጽሑፍ እየተደባለቀ፣ እየጠፋ፣ አንዳንዴም እየዋሸ አስቸግሯችኋል። የመጀመሪያውን ጥያቄ በረጅሙ እመልሳለሁ፤ እኔንም አንድ ሌሊት ያስከፈለኝ ጉዳይ ስለሆነ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ውድ የአምዱ አዘጋጅ። በሲ የተጻፈ፣ በብዙ ዳይሬክተሪ የተከፋፈለ ፕሮጀክት ላይ እሠራለሁ። እያንዳንዱ ዳይሬክተሪ የራሱ ሜክፋይል፣ ማለትም ሜክ የሚባለው የቢልድ መሣሪያ የሚያነበው የሥራ ዝርዝር፣ አለው። ባለ 16 ኮር ማሽን ላይ ሜክን በሰረዝ ጄ 16 (አሥራ ስድስት ሥራ በአንድ ጊዜ እንዲሄድ በሚያደርገው አማራጭ) ስናስኬደው 11 ደቂቃ ይፈጅ የነበረው ቢልድ ከ2 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ያልቃል። አንድ ነገር ሲበላሽ ግን የአንዱ ፋይል ኤረር በሌላው ዋርኒንግ መሃል እየገባ ምኑ የማን እንደሆነ መለየት ያቅተናል። ባልደረቦቼ «ሰረዝ ጄን ተዪውና አንድ በአንድ ይሂድ» ይሉኛል። ፍጥነቱን ማጣት አልፈልግም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሰረዝ ጄን አትተዪ። የበደለሽ ፍጥነቱ አይደለም።

ሜክ አሥራ ስድስት ኮምፓይለሮችን (ኮድን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይሩ ፕሮግራሞችን) ሲያስነሣ ሁሉም ከእናታቸው ከሜክ ያንኑ አንድ መውጫ ይወርሳሉ። ያ መውጫ ተርሚናልሽ ነው። ወረፋ የሚያስይዝ የለም፤ የሚለው ያለው ሁሉ ያኔውኑ ይጽፋል። ኮምፓይለር ደግሞ ኤረሩን ብዙ ጊዜ በአንድ ትንፋሽ ተናግሮ አይጨርስም። መጀመሪያ ፋይሉ ከየት ከየት እንደተጠራ ይዘረዝራል፣ ቀጥሎ ኤረሩን ይላል፣ ከዚያ የኮዱን መስመር ያሳያል፣ ከሥሩ ምልክቱን ያስቀምጣል። በእነዚህ መሃል አሥራ አምስት ሌሎች አፍ አላቸው።

ሜክን ስቱዋርት ፌልድማን በቤል ላብስ በ1976 እ.ኤ.አ. ሲሠራው አንድ ትዕዛዝ ሲያልቅ ሌላው ይጀምር ነበር፤ የማን ጽሑፍ እንደሆነ የሚጠይቅም አልነበረም። ጎን ለጎን ማስኬድ በኋላ የመጣ ነገር ነው። ጂኤንዩ ሜክ በሚባለው ዝርያው ውስጥ ለጽሑፉ ሥርዓት የወጣለት በ4.0 ነው፤ እሱም የወጣው በጥቅምት 2013 እ.ኤ.አ. ነው።

የኔን ሌሊት ልንገርሽ። ፕሮጀክታችን ውስጥ ዩቲል.ሲ የሚባሉ ሁለት ፋይሎች ነበሩ፤ አንዱ በኔትወርክ ዳይሬክተሪ፣ ሌላው በስቶሬጅ ዳይሬክተሪ። የወጣው ኤረር «ዩቲል.ሲ፣ መስመር 88» ይላል፤ ዳይሬክተሪውን አይጠቅስም። ከላዩ ያለው መስመር ግን ሜክ ወደ ኔትወርክ ዳይሬክተሪ መግባቱን ይናገራል። እኔም የኔትወርኩን ዩቲል.ሲ ከፈትኩ። መስመር 88 ላይ ያለው ኮድ ምንም አይወጣለትም። ኤረር አለ ከተባለ ግን አለ ብዬ ያልታመመውን ማከም ጀመርኩ። የአንድ ተለዋዋጭ ዓይነት ቀየርኩ፤ በዚያ ምክንያት ሌሎች ሁለት ፋይሎች ተበላሹ፤ እነሱን ለማስተካከል ደግሞ የጋራውን ሄደር (ብዙ ፋይሎች የሚጠሩትን ፋይል) ነካሁ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ አንድ ባልደረባዬ መጥቶ ለውጤን ሁሉ መልሶ ቢልዱን አንድ በአንድ አስኬደው። ኤረሩ የስቶሬጁ ነበር። «ገባሁ» የሚለው መስመርና ኤረሩ ከሁለት የተለያዩ ሜኮች የመጡ ናቸው፤ ተርሚናሉ ላይ ጎን ለጎን የጣላቸው አጋጣሚ ነው።

ከዚያ ሌሊት ጀምሮ የማምነው አንድ ነገር አለ፦ በተደባለቀ ቢልድ ውስጥ የሚጠፋው ጽሑፉ አይደለም፣ ባለቤቱ ነው። እያንዳንዱ ፊደል እዚያው ተርሚናል ላይ አለ፤ ማን እንዳለው ግን አይታወቅም። ስለዚህ የምትፈልጊው መፍትሔ ጽሑፉን የሚቀንስ ሳይሆን ለባለቤቱ የሚመልስ ነው።

ሜክን ስታስኬጂ ከሰረዝ ጄ 16 አጠገብ ሰረዝ ኦ ጨምሪ። ትልቁን ኦ ነው የምልሽ፤ ትንሹ ኦ ፈጽሞ ሌላ ሥራ አለው። ሙሉ ስሙ አውትፑት-ሲንክ ነው። ይህን ስትይው ሜክ የእያንዳንዱን ታርጌት (የሚሠራ ፋይል ወይም ሥራ) ጽሑፍ በጊዜያዊ ፋይል ይሰበስባል። ታርጌቱ ሲያልቅ ቁልፍ ይይዛል፣ የሰበሰበውን በአንድ ጊዜ ያወጣል፣ ቁልፉን ይለቃል። ተራው የደረሰው እስኪጨርስ ሌላው አያቋርጠውም። መደበኛው መውጫና የኤረር መውጫው ሁለቱም ወደ አንድ ቦታ የሚሄዱ ከሆነ በአንድ ፋይል ይሰበሰባሉ፤ ስለዚህ በመካከላቸው የነበረው ቅደም ተከተል አይፈርስም። ላንቺ ከሁሉ የሚጠቅምሽ ግን ይህ ነው፦ በየዳይሬክተሪው ሌላ ሜክ ሲጠራ «ገባሁ» እና «ወጣሁ» የሚሉት መስመሮች እያንዳንዱን ክምር ከፊትና ከኋላ ያቅፉታል። ኤዲተርሽም እነሱን ተከትሎ ትክክለኛውን ዩቲል.ሲ ይከፍትልሻል። ጽሑፉ በዚህ ምክንያት ይረዝማል፤ እንዳታጠፊው እለምንሻለሁ።

በየጊዜው መጻፍ ከሰለቸሽ ሜክፍላግስ በሚባለው የኢንቫይሮመንት ተለዋዋጭ ውስጥ አስገቢው። ከቡድናችሁ ማክ ኮምፒውተር የሚጠቀም ካለ ደግሞ ከሲስተሙ ጋር የሚመጣው ሜክ 3.81 መሆኑን ንገሪው፤ የ2006 እ.ኤ.አ. ሥራ ስለሆነ ይህን አማራጭ አያውቅም። አዲሱን ለብቻ መጫን ይኖርበታል።

ዋጋው ዝምታ ነው። ጽሑፉ የሚወጣው ታርጌቱ ሲያልቅ ስለሆነ ረጅም ሥራ ያለ ድምፅ ይቆያል። ኮምፓይል ሲሆን ሰከንዶች ናቸው፣ ማንም አያስተውልም። ሃያ ደቂቃ የሚፈጅ ቴስት ከሆነ ግን ሰው ተሰቅሏል ብሎ ይገድለዋል፤ ለረጅም ጊዜ ጽሑፍ ካላየ ሥራውን የሚያቋርጥ የቢልድ ሰርቨርም ብዙ ነው። ለኦ «ላይን» የሚል ዋጋ ብትሰጪው ሜክ ታርጌቱን ሙሉ ሳይሆን የሬሲፒውን (ታርጌቱን የሚሠሩትን ትዕዛዞች) እያንዳንዱን መስመር ሲጨርስ ያወጣል። ሬሲፒው ብዙ አጫጭር ትዕዛዞች ካሉት ይህ ይበቃል። አንድ ረጅም ትዕዛዝ ብቻ ከሆነ ግን አይረዳም፤ ያንን ሥራ ወደ ራሱ የሎግ ፋይል እንዲጽፍ አድርጊና በሌላ መስኮት እየተከታተልሽ ተመልከቺው።

ሌላው ሰው የሚሳሳትበት ነገር ኤረሩን ከመጨረሻው መስመር መፈለግ ነው። ሜክ አንድ ሥራ ሲወድቅበት አዲስ መጀመር ያቆማል እንጂ የተጀመሩትን አይገድልም፤ እስኪያልቁ ይጠብቃቸዋል። እነሱም ሲያልቁ ይናገራሉ። ስለዚህ እውነተኛው ኤረር ከመጨረሻው መቶ መስመር ወደ ላይ ሊቀበር ይችላል። ሎጉ ውስጥ ሦስት ኮከብ፣ *** ብለሽ ፈልጊ፤ ሜክ የወደቀውን ታርጌት የሚያስታውቀው በዚያ ምልክት ነው። የመጀመሪያውን ያዢ፤ ከሥሩ ያሉት ብዙ ጊዜ የእሱ ልጆች ናቸው።

ባልደረቦችሽ «አንድ በአንድ» ያሉትንም ሙሉ በሙሉ አትጣዪው። እኔ እንዲህ አደርጋለሁ፦ መጀመሪያ በ16 ጎን ለጎን፣ አንዱ ሲወድቅ ሌላው እንዲቀጥል በሚያደርገው በሰረዝ ኬ አስኬደዋለሁ። ከወደቀ ወዲያው ሰረዝ ጄን ትቼ ደግሜ አስኬዳለሁ። ያለቀው አልቋል፤ የሚቀረው የወደቀው ብቻ ስለሆነ ኤረሩ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ብቻውን፣ ንጹሕ ሆኖ ይመጣል። በሁለተኛው ዙር ኤረሩ ቢጠፋና ቢልዱ ቢያልፍ ግን ተመስገን ብለሽ እንዳታልፊው። አንዱ ፋይል ሌላው ሳይዘጋጅ ተቻኩሎ ነበር ማለት ነው፤ ሜክፋይሉ ውስጥ ያልተጻፈ ጥገኝነት አለ። ጽሑፉን ብታስተካክዪው ይህ አይስተካከልም። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ሜክ 4.4 ሸፍል የሚባል አማራጭ አለው፤ የታርጌቶችን ተራ ሆን ብሎ እያቀያየረ እንዲህ ያለውን የተደበቀ ጉድለት ያወጣዋል።

እግረ መንገዴን፦ ሰረዝ ጄን ያለ ቁጥር የምትጽፉ አንባቢያን አላችሁ። ያለ ቁጥር ማለት ያለ ገደብ ማለት ነው። ትልቅ ፕሮጀክት ላይ በመቶ የሚቆጠር ኮምፓይለር በአንድ ጊዜ ተነሥቶ የማሽኑን ሜሞሪ ይጨርሰዋል። ቁጥሩን ጻፉ።

ጥያቄ፦ ከሜክ ወደ ኒንጃ፣ ወደ ሌላው የቢልድ መሣሪያ፣ ከተሸጋገርን ወዲህ ጽሑፉ አይደባለቅም፤ ነገር ግን ኮምፓይለሩ በቀይና በሐምራዊ ያሳየን የነበረው ኤረር ሁሉ ነጭ ሆኗል። ኒንጃ ቀለም ይጠላል እንዴ?

መልስ፦ አይጠላም። አለመደባለቁም ቀለሙ መጥፋቱም ምክንያታቸው አንድ ነው። ኒንጃ የእያንዳንዱን ትዕዛዝ ጽሑፍ በፓይፕ (የአንዱን ፕሮግራም ጽሑፍ ለሌላው በሚያቀብል ቧንቧ) ተቀብሎ ይይዝና ትዕዛዙ ሲያልቅ ያወጣዋል። ኮምፓይለሩ ደግሞ ከመናገሩ በፊት «ከፊቴ ያለው ተርሚናል ነው?» ብሎ ሲስተሙን ይጠይቃል። ፓይፕ ነው ሲባል ቀለሙን ይተዋል፤ ፋይል ውስጥ የቀለም ኮድ መሙላት ስለማይፈልግ ትክክል ነው። መፍትሔው ኮምፓይለሩን በግድ ቀለም እንዲጠቀም ማዘዝ ነው፦ ጂሲሲም ክላንግም (ሁለቱ የሲ ኮምፓይለሮች) ዳያግኖስቲክስ-ከለር የሚል አማራጭ አላቸው፤ ዋጋውን «ኦልዌይስ» አድርጉት። ሲሜክን (ለኒንጃ የቢልድ ፋይል የሚያዘጋጀውን መሣሪያ) የምትጠቀሙ ከሆነ ከ3.24 ጀምሮ ለዚህ የተዘጋጀ ተለዋዋጭ አለ። ይህን ካደረጋችሁ በኋላ የኒንጃን ጽሑፍ ወደ ፋይል ብትመሩት እንኳ ኒንጃ ራሱ ተርሚናል ላይ አለመሆኑን አይቶ የቀለም ኮዶቹን ያራግፋቸዋል።

አንድ ትዕዛዝ ከተጠቃሚው ጋር መነጋገር ካለበት ወይም እየሠራ ሳለ መታየት ካለበት ኮንሶል በሚባለው የኒንጃ ፑል (የሥራ ምድብ) ውስጥ አስገቡት። ተርሚናሉን በቀጥታ ያገኛል፤ እሱ እስኪጨርስ የሌሎቹ ጽሑፍ ተይዞ ይቆያል።

ጥያቄ፦ የተከበሩ አዘጋጅ፤ በዕድሜ ገፋ ያልኩ የሲስተም ሠራተኛ ነኝ። የሌሊቱን ቢልድ ጽሑፍ ለማስቀረት የሜክን ውጤት በፓይፕ ወደ ቲ፣ የተቀበለውን ወደ ሁለት ቦታ ወደሚቀዳው ትዕዛዝ፣ አስገብቼ ተርሚናሉም ፋይሉም እንዲደርሳቸው አድርጌያለሁ። ባለፈው ሳምንት ቢልዱ ወድቆ እያለ ስክሪፕቱ «ተሳክቷል» ብሎ ያልተሟላ ፕሮግራም ወደ ፊት አሳለፈ። ሎጉን ሳየው ኤረሩ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። ስክሪፕቱ እንዴት ሳያየው ቀረ?

መልስ፦ አባቴ፣ ስክሪፕትዎ ያየው የሜክን ውድቀት ሳይሆን የቲን ስኬት ነው። ሼል (ትዕዛዞቻችንን ተቀብሎ የሚያስኬደው ፕሮግራም) ትዕዛዞችን በፓይፕ ሲያያይዝ የሁሉም ውጤት ነው ብሎ የሚመልሰው የመጨረሻውን ትዕዛዝ ውጤት ነው። ቲ የተሰጠውን ጽሑፍ በትክክል ቀድቷል፤ ስለዚህ «ተሳክቷል» የሚለውን ዜሮ መለሰ። ሜክ የውድቀት ምልክት አድርጎ የመለሰው 2 እዚያው ፓይፑ ላይ ቀረ።

ይህ ስህተት በጣም የተለመደ ነው፤ እኔ ከማየው ሁሉ የሚያስፈራኝም እሱ ነው። የተደባለቀ ጽሑፍ ሰውን ያደክማል፤ የተሸፈነ ውድቀት ግን የተበላሸ ሥራ ለሰው እጅ ያደርሳል።

ባሽ የሚባለውን ሼል የሚጠቀሙ ከሆነ በስክሪፕቱ መጀመሪያ ላይ ፓይፕፌይል የሚባለውን አማራጭ ያብሩ፤ ከዚያ በፓይፑ ላይ ካሉት አንዱ እንኳ ቢወድቅ ሁሉም እንደወደቀ ይቆጠራል። የዩኒክስ ሲስተሞች የጋራ ደንብ የሆነው ፖሲክስም በ2024 እ.ኤ.አ. እትሙ ውስጥ አስገብቶታል፤ በየማሽኑ ያለው ሼል ሁሉ ግን ገና አያውቀውም። በተለይ ይጠንቀቁ፦ በሜክፋይል ውስጥ ያሉ ሬሲፒዎች ካልተነገራቸው በቀር የሚሄዱት ኤስኤች በሚባለው የሲስተሙ መደበኛ ሼል ነው፣ በባሽ አይደለም። ስለዚህ ስክሪፕቱ ላይ ያበሩት አማራጭ ሬሲፒው ውስጥ ላለ ፓይፕ አይደርስም።

እኔ ሬሲፒ ውስጥ ቲን ፈጽሞ አልጠቀምም። የትዕዛዙን ጽሑፍ ወደ ራሱ ፋይል እመራለሁ፤ ከወደቀ ፋይሉን ተርሚናሉ ላይ አወጣና ሬሲፒው እንዲወድቅ አደርጋለሁ። ከተሳካ ዝም ይላል። እንዲህ ሲሆን ስድስት መቶ ፋይል ተሠርቶ ተርሚናሉ ላይ የሚታየው የሁለቱ የወደቁ ጽሑፍ ብቻ ይሆናል፣ የቀረውም ለፈለገው ሰው በየፋይሉ ተቀምጧል። ሲመሩ ተራውን ይጠብቁ፦ መጀመሪያ > (ጽሑፍን ወደ ፋይል የሚመራው ምልክት) ከፋይሉ ስም ጋር፣ ቀጥሎ 2>&1። ቢያገላብጡት ኤረሩ ፋይሉ ውስጥ አይገባም፤ ሼል ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚያነብ 2 (የኤረር መውጫው) የሚከተለው ገና ያልተቀየረውን 1 (መደበኛውን መውጫ) ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ሜክም ኒንጃም የለኝም። ሁለት መቶ ያህል ትናንሽ ሞጁሎችን በኤክስ-አርግስ (አንድን ትዕዛዝ ለብዙ ነገሮች በሚደጋግመው መሣሪያ)፣ ስምንት በአንድ ጊዜ እንዲሄዱ በትልቁ ፒ 8 አድርጌ በፓይተን ስክሪፕት አስኬዳለሁ። ሁሉም «ኦል.ሎግ» ወደሚባል አንድ ፋይል ይጽፋሉ። ሎጉ ውስጥ አንዳንድ ሞጁል ጭራሽ የለም፤ የአንዳንዱ መስመር ደግሞ ከመሃሉ ተቆርጧል። ዲስኩ ይሆን የተበላሸው? እርዳኝ ወንድሜ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዲስክህ ጤነኛ ነው። እያንዳንዱ ሥራ በራሱ > ብሎ ያንኑ ፋይል የሚከፍት ከሆነ ሲከፍተው ባዶ ያደርገዋል፤ ከእሱ በፊት የተጻፈው ጠፋ። ከዚያም እያንዳንዱ የራሱን ቦታ ከዜሮ እየቆጠረ ስለሚጽፍ አንዱ በሌላው ላይ ይጽፋል። >> ብትለው ሁሉም ከፋይሉ መጨረሻ ላይ ስለሚጨምር መጥፋቱ ይቆማል። መደባለቁ ግን ይቀራል።

መስመር ከመሃል የሚቆረጠው በባፈር፣ ጽሑፍ ከመውጣቱ በፊት በሚጠራቀምበት ቦታ፣ ምክንያት ነው። ፓይተንም ሆነ የሲ ላይብረሪ ተርሚናል ላይ ሲጽፍ መስመር ባለቀ ቁጥር ያወጣል። ፋይል ወይም ፓይፕ ሲሆን ግን በሺህ የሚቆጠር ባይት እስኪሞላ ያጠራቅምና አንድ ላይ ይለቀዋል። ያ መሙላት መስመር መሃል ላይ ቢደርስ ግማሹ ይወጣል፣ ሌላው ሥራ ይገባበታል፣ ቀሪው ግማሽ በኋላ ይመጣል። የኤረር መውጫው ግን አብዛኛውን ጊዜ ብዙ አይጠብቅም፤ ኤረሩ ከምክንያቱ ቀድሞ ሎጉ ላይ ሲታይ ያየኸው በዚህ የተነሣ ነው። ፓይተንን በሰረዝ ዩ ብታስኬደው መጠራቀሙ ይቆማል። በሲ ለተጻፉት ስቲዲባፍ የሚባል ትዕዛዝ አለ፤ ሁሉም ፕሮግራም ላይ ግን አይሠራም፣ የራሱን ባፈር የሚያዝ ወይም ላይብረሪውን በውስጡ ይዞ (በስታቲክ) የተያያዘ ፕሮግራም አይሰማውም።

በፓይፕ ስታደርገውም ገደብ አለ። ሊኑክስ ላይ እስከ 4096 ባይት በአንድ ጊዜ የተጻፈ ነገር በሌላ ጽሑፍ አይቆረጥም፤ ፖሲክስ የሚያስገድደው ዝቅተኛው ደግሞ 512 ብቻ ነው። አንድ ረጅም የሊንከር (የተሠሩትን ቁራጮች የሚያገጣጥመው ፕሮግራም) ትዕዛዝ ይህን በቀላሉ ያልፈዋል። ስለዚህ «መስመሬ አጭር ነው» በሚለው ላይ አትደገፍ።

እኔን ብትሰማኝ አንዱን ፋይል ለስምንት ሥራ አታካፍለው። ለእያንዳንዱ ሞጁል በስሙ የራሱን ሎግ ስጠው። ሁለት መቶ ፋይል ይበዛል እንዳትል፤ የምታነበው የወደቁትን ብቻ ነው። ይህን ሥራ በእጅህ ከመጻፍ ኤክስ-አርግስን ሥራዎችን ጎን ለጎን በሚያስኬደው በጂኤንዩ ፓራለል ተካው። ሳትጠይቀው የእያንዳንዱን ሥራ ጽሑፍ ሰብስቦ ሲያልቅ ያወጣል። ታግ ብትለው በየመስመሩ መጀመሪያ የሞጁሉን ስም ይለጥፋል፤ ኪፕ-ኦርደር ብትለው ማንም ቀድሞ ቢጨርስ በሰጠኸው ተራ ያወጣዋል፤ ሪዘልትስ ብትለው መደበኛውንና ኤረሩን ለየብቻ በዳይሬክተሪ ያስቀምጥልሃል። ጆብሎግ የሚባለው ደግሞ የእያንዳንዱን ሥራ መነሻ ሰዓት፣ የፈጀውን ጊዜና የመለሰውን ቁጥር በሠንጠረዥ ይጽፋል። እኔ ጠዋት መጀመሪያ የማየው ያንን ሠንጠረዥ ነው፤ ዜሮ ያልሆነውን ለይቼ የዚያን ሞጁል ሎግ ብቻ እከፍታለሁ።

ኤክስ-አርግስ ላይ መቆየት ካለብህ ሲያልቅ የሚመልሰውን ቁጥር ስክሪፕትህ ይመልከተው። ከሥራዎቹ አንዱ በተለመደው መንገድ ከወደቀ 123 ይመልሳል፤ ስንቱ እንደወደቀ ግን አይነግርህም። ፓራለል ግን የወደቁትን ብዛት እስከ መቶ ቆጥሮ ይመልስልሃል፣ ከመቶ ካለፉ 101 ይላል። ጠፉ ያልካቸውን ሞጁሎች ዛሬውኑ እንደገና አስኬዳቸው፤ ሎጋቸው የጠፋው ተሳክተው ይሁን ወድቀው እስካሁን የምታውቅበት መንገድ አልነበረህም።